ገመድ ነበረ

እንድሪስ መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ሐያት ናት፤ በስልክ። «ጋሼ፣ አባዬ አኼራ ሄደ» አለችኝ። ከዚያ ስለ መንገዱ አወራን፤ በዚህ ዘመን ሞት ከተነገረ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ነውና። ዝግ ነበር። በእኛ ደንብ ደግሞ ሬሳ አይቆይም፤ ጠዋት የሞተ ሰው ከዙህር ሶላት በኋላ አፈር ይለብሳል። ከሚሴ የደረስኩት በአምስተኛው ቀን ነው፤ የለቅሶው ድንኳን ሊፈርስ ሲል።

ስለ ሟች የሚጻፉ ጽሑፎችን አልወድም። በእነሱ ዘንድ የሞተ ሁሉ ደግ፣ የሞተ ሁሉ ሰው አክባሪ ነው፤ ክፉዎቹ ሳንሞት የቀረነው ብቻ ነን። እንድሪስ ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም። ደግነቱን ግን ለሌሎች ትቼዋለሁ። እኔ እሱን የማልረሳው አንድ ቀን ውሃ ላይ ሲቆም ስላየሁት ነው። ከእኔ ሌላ በደንብ ያየው ሰው የለም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ወታደሩ በዋናው መንገድ በእግሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲጎርፍ፣ የከተማችን ልጅ እንድሪስ ከእነሱ ጋር መጣና ሳያልፍ ቀረ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነበር። ምጽዋ ላይ የባህር ወታደር ሆኖ የጀልባ ሞተር ይጠግን ነበር። ከምጽዋ እስከ ከሚሴ በምን እንደመጣ፣ በመንገድ ላይ ምን እንዳየ፣ ማንን ጥሎ እንደመጣ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሌሎቹ ተመላሾች የጦርነት ወሬ ይዘው ሲመጡ እሱ ያመጣው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የጦርነት አልነበረም።

ወሬው ይህ ነው። ምጽዋ ላይ መኮንኖቹ እሁድ እሁድ እግራቸውን ሳንቃ ላይ አስረው፣ ገመድ ጨብጠው፣ በፈጣን ጀልባ እየተጎተቱ ባህሩ ላይ ቆመው ይሄዱ ነበር። አንድ እሁድ ከመኮንኖቹ አንዱ ሞተር የሚጠብቀውን እንድሪስን «ና፣ አንተም ሞክር» አለው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ቆመ። ከወደቡ ፊት ለፊቱ እስካለችው ደሴት ቆሞ ሄደ። አለቀ።

ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ያው ነው። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ የሌለ ገመድ ይጨብጣል፣ ጉልበቱን ሰበር ያደርጋል፣ ወደ ኋላው ይንጋለላል። «ውሃ ቀስ ካልክበት ይውጥሃል፤ ከፈጠንክበት ይሸከምሃል» ይል ነበር። መንገድ ዳር ቆሞ፣ አቧራ ላይ፣ ከኋላው የጭነት መኪና ጥሩምባ እየነፋበት እንኳን እንደዚያ ይንጋለላል።

ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ወሬ በጉጉት ነበር የሚጠብቁት።

«እንድሪስ፣ ባህሩ ላይ ስትቆም ጫማ አድርገህ ነበር ወይስ በባዶ እግርህ?»

«ሳንቃ ነው እላችኋለሁ። ሳንቃ፣ ገመድ፣ ጀልባ።»

«ሳንቃው የምን ነው? የበር ነው የመስኮት?»

«አቦ ተዉት ሰውየውን፤ ከምጽዋ እዚህ ድረስ የመጣው ቆሞ ነው። እግሩን አታዩትም፣ አቧራ አልነካውም።»

ስሙም በዚያው እንድሪስ ምጽዋ ሆነ። በነገራችን ላይ፣ እነዚህ ሰዎች ማንኛውንም ነገር የማያምኑ ሰዎች አልነበሩም። እኛ አገር በድሮ ጊዜ አንድ ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ የመስገጃ አጎዛቸውን ሙላት ላይ አንጥፈው፣ እላዩ ላይ ተቀምጠው የቦርከናን ወንዝ እንደተሻገሩ የማያውቅ ሕፃን የለም። ይህን ያየ ሰው በሕይወት የለም፤ ያየ ሰው የሚያውቅም የለም። ግን ማንም «አጎዛው የበግ ነው የፍየል?» ብሎ አይጠይቅም። ተአምር ከሆነ ያምናሉ። ብልሃት ከሆነ ይስቃሉ። እንድሪስ ደግሞ የሚያወራው ብልሃት ነበር፤ እንደ እኛ ያለ ሰው፣ ሳንቃና ገመድ ካለው፣ ውሃ ላይ ሊቆም ይችላል ነበር የሚለው። ይህን ለማመን ይከብዳል። እኛም እንችላለን ማለት ነዋ።

በሁለተኛው ክረምት ሊያሳያቸው ተነሳ።

ከከተማችን በታች ያለውን የጨፋን ሸለቆ በበጋ ብቻ የሚያውቅ ሰው አያውቀውም። በበጋ አፋሮች ከብትና ግመላቸውን ይዘው የሚመጡበት ሣር ነው። በክረምት ቦርከና አልጋውን ይለቅና ሸለቆው መሃል ላይ ሐይቅ ይሆናል፤ ከወገብ የማያልፍ፣ ቡናማ፣ ቄጠማ የወረረው፣ አልቅት የሞላው ሐይቅ። እንድሪስ በዚያ ላይ የምትሄድ ጀልባ ሠራ። ስድስት ባዶ በርሜል፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ላያቸው ላይ የተመታ ጣውላ። መቅዘፊያዎቹ ጫፋቸው ላይ የዘይት ቆርቆሮ የተቸነከረባቸው አጣናዎች ነበሩ። ገመዱን ከጭነት መኪና ሾፌሮች ለምኖ አገኘ፤ ሸራ የሚያስሩበት ሰማያዊ ናይለን። ሳንቃዋን ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀደም። ከዋንዛ እንጨት ራሱ ጠርቦ፣ ፊቷን ቀና አድርጎ፣ እግር ማስገቢያዋን ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጦ ቸነከረው። ሁለት ማስገቢያ፣ ለእያንዳንዱ አራት ምስማር።

ሞተር አልነበረም። ሞተሩ እኛ ነበርን፤ ስድስት የሰፈር ጎረምሶች። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ ያነበብኩትን ሁሉ የማፌዝበት። እንድሪስ «ተማሪው» ነበር የሚለኝ። ቀዛፊ ወደሚሄድበት ጀርባውን ሰጥቶ፣ ትቶት ወደሚሄደው ፊቱን አዙሮ ነው የሚቀመጠው። እኔና ሙሄ የተቀመጥነው በጀልባዋ ጅራት፣ ገመዱ የታሰረበት ጋ ነው። ሙሄ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ፣ ድምፀ መልካም፣ ደቦ ላይ ዱአ የሚያደርግ ልጅ ነበር። ሌሎቹ አራቱ የሚያዩት የእኔንና የሙሄን ጀርባ ብቻ ነው። ከእኛ ፊት ውሃ፣ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ እንድሪስ፤ ሌላ ምንም።

እንድሪስ መጀመሪያ እንደ ወታደር ሊያስቀዝፈን ሞከረ። «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።» አልሆነም። አንዱ አንድ ላይ ሲስብ ሌላው ሁለት ላይ ይስባል፤ በርሜሎቹ እንደ ከበሮ ይጋጫሉ፤ ጀልባዋ ባለችበት ትሽከረከራለች። በመጨረሻ ሙሄ «ጋሽ እንድሪስ፣ በምናውቀው እንሥራ» አለው። የምናውቀው የደቦውን ነበር። የዘንጋዳ ማሳ ስንኮተኩት አንዱ ዱአ እያደረገ፣ ሌላው አሚን እያለ ነው ሥራው የሚገፋው። ሙሄ ዱአ ጀመረ፣ እኛም በዱአው ምት ቀዘፍን፤ ወላሂ ጀልባዋ ሄደች። ገመዱ ተወጠረ። ሳንቃዋ ፊቷን ከውሃው አወጣች። እንድሪስ፣ ከውሃው ጭንቅላቱ ብቻ ይታይ የነበረው ሰውዬ፣ እስከ ደረቱ ብቅ አለ። «ካኢ፣ ካኢ» እያልን ጮህን፤ በኦሮምኛ ተነስ ማለታችን ነው። ሙሄ ደግሞ «ያ ረቢ ዝናቡን የረድኤት አድርግልን» አለ።

«አሚን» አልን ሁላችንም። ስድስታችንም መቅዘፊያውን ለቅቀን፣ ሁለት መዳፋችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን፣ ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ገመዱ ረገበ። እንድሪስ እንደ ድንጋይ ሰጠመ።

ይህ ነገር ክረምቱን ሙሉ ሲደጋገም ከረመ። እጃችሁን አታንሱ ብሎ ለምኖናል፣ ተቆጥቶናል፣ አንድ ቀን ተቀምጦ በጭቃው መሃል አልቅሷል። እሺ እንላለን። ማሳ ላይ እንኳን መኮትኮቻውን ጥሎ እጁን የማያነሳ የለም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን ነገር በርሜል ላይ ስለወጣ ማን ይተዋል? ዱአውን ስናስቀር ምቱ ይጠፋል፤ ዱአውን ስንመልስ እጃችን ይነሳል። ዓይኔን የማልጨፍነው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያኔ አላህን በተማሪነቴ እጠረጥረው ነበርና እጄን አንስቼ ዓይኔን መክፈት እንደ ትልቅ ጀግንነት እቆጥረው ነበር። ስለዚህ እንድሪስ በሰጠመ ቁጥር ፊቱን የማየው እኔ ነኝ። እሱም ከውሃው በላይ የመጨረሻ የሚያየው የእኔን ክፍት ዓይን ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ቦርከና ከረግረጉ ወጥቶ በሁለት ግራሮች መሃል የሚጠብበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሙላቱ እየጮኸ ይወርድ ጀመር። እንድሪስ ጠዋት ሰበሰበንና ጀልባዋን እዚያ ወሰድናት። ከትልቁ ግራር ጋር በጭነት መኪና ሰንሰለት አሰራት።

«ዛሬ ጀልባዋ አትሄድም» አለን። «የሚሄደው ውሃው ነው። ለሳንቃዋ ያው ነው፤ ማን እንደሄደ አታውቅም።»

«ታዲያ እኛ ምን እንሠራለን?» አልኩት።

«ትቀዝፋላችሁ።»

«የታሰረች ጀልባ? ጋሽ እንድሪስ፣ ሰንሰለቱ ይበቃል እኮ።»

«ተማሪው፣ ዝም ብለህ ቅዘፍ» አለኝ።

አሁን ይገባኛል። የእኛ ቅዝፊያ አንድ ጣት አልጨመረም፤ እሱም ያውቅ ነበር። እኛ ያቆምነው እንዲሆን ፈልጎ ነው። ከተማው ሲጠይቅ «የጨፋ ልጆች በጉልበታቸው ውሃ ላይ አቆሙኝ» ሊል ነው። ያን ዓመት ማንም ለማንም ያላደረገውን ክብር ለእኛ ሊያደርግ ነበር።

ዝናብ እየወረደ ቀዘፍን። ጀልባዋ ሰንሰለቷን ወጥራ አንዲት ክንድ አልተራመደችም። ሙሄ ዱአ ጀመረ። ገመዱ ተወጠረ፣ ሳንቃዋ ቀና አለች፣ እንድሪስ ከጭቃ ውሃው ውስጥ ጉልበቱን ሰብሮ ወጣ። ደረቱ፣ ወገቡ፣ ጭኑ፣ እግሩ። ቆመ።

«ያ ረቢ፣ የተዘራውን አብቅልልን» አለ ሙሄ። «አሚን» አልን፤ እጆች ሁሉ ተነሱ። እንድሪስ አልሰጠመም። «የታመመውን ማርልን።» «አሚን።» ቆሟል። «በሰው አገር ያለውን መልስልን።» «አሚን።» አሁንም ቆሟል። ማንም አይቀዝፍም፤ አምስት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ወደ ዝናቡ ዘርግቷል፤ ከፊቴ አንድ ሰው የሚንደረደር ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ኋላው ተንጋልሎ፣ የትም ሳይሄድ ቆሟል። እንደሌላው ጊዜ እያወራበት አልነበረም። ዝም ብሎ እኔን ነው የሚያየው። አየኸኝ? ነው የሚለው ፊቱ። ራሴን ነቀነቅሁለት። በአራተኛው ዱአ ሙላቱ ያመጣው ግንድ ሳንቃዋን መታትና ወደቀ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ያዩት መውደቁን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን ያ ቀን የጎረቤታችን ከተማ የጨፋ ሮቢት ገበያ ነበር። ሙላቱ መንገድ ቆርጦባቸው ማዶ ከፍታው ላይ የቆሙ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዝናብና ርቀት ቀጭኗን ገመድ አያዩም፤ የጀልባዋን በርሜል ቄጠማው ሸፍኖታል። ያዩት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ ሰዎችንና ሙላቱ ላይ የቆመ አንድ ረጅም ሰው ነው። ምን ሊሉ ይችላሉ? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

በሁለተኛው ቀን የእንድሪስ እናት ደጅ ላይ የታመመ ሕፃን ያዘለች ሴት ተቀምጣ ተገኘች። በሦስተኛው ቀን አራት ሆኑ። እንድሪስ እየወጣ «ገመድ ነበረ፤ ሳንቃ ነበረ፤ ወላሂ እኔ ሞተር ጠጋኝ ነኝ» ይላቸዋል። እነሱ ደግሞ «ወልይ ራሱን ይደብቃል» ይባባላሉ። መስጊድ ውስጥ ያሉት በበኩላቸው ተቆጡ፤ ይህ ጫት ቤት የሚቀልድ ወታደር ወልይ ነኝ አለ ተብሎ። በመጨረሻ ሸህ ጦይብ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲወጡ ሁላችንንም ዛፍ ሥር ጠሩን። ደግ ሰው ነበሩ። እንድሪስን ሊቀጡት አልፈለጉም፤ እውነቱን ማወቅ ፈልገው ነው። ከተማው ግማሹ ከቦ ቆሟል።

እንድሪስ ተነስቶ ነገሩን እንዳለ ተናገረ። ተአምር የለበትም፣ ውሸትም የለበትም፣ ብልሃት ነው አለ። «ያቆሙኝ ልጆቹ ናቸው። ጠይቋቸው።»

ሸሁ ሙሄን ጠየቁት። «ወላሂ ሸህ፣ ዱአ ላይ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ። ሌሎቹም እንዲሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የተማርክ ነህ። ዓይንህ ክፍት ነበር ይላል እንድሪስ። ሰውየው ቆሟል ወይ? ዱጋ ነው ሶባ?» አሉኝ፤ እውነት ነው ውሸት።

እንድሪስ አየኝ። ማለት የነበረብኝ ሦስት ቃል ነው። ቆሟል፣ በገመድ፣ በሳንቃ። ያን ብናገር ወልይም ከመባል ውሸታምም ከመባል ይድን ነበር። ግን ከተማው በሙሉ ፀጥ ብሎ አፌን ይጠብቃል። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠብቄ አላውቅም ነበር።

«ሸህ፣ እኔ ያየሁት ሲወድቅ ነው» አልኩ። «በመውደቅ ግን ከምጽዋ እስከ ቦርከና የሚወዳደረው የለም።»

ሳቁ እንደ ሙላት ነበር የወረደው። ሸህ ጦይብ ራሳቸው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ነገሩ ያለ ጠብ በማለቁ ደስ ብሏቸው። እንድሪስም ሳቀ። ከሁሉም ሰው በኋላ፣ ዘግይቶ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ በጽሑፌ ሰው አስቄያለሁ ይባላል። ያን ያህል ሳቅ ግን አግኝቼ አላውቅም። አድኜዋለሁ እያልኩ ለብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ፤ ወልይ ነኝ ባይ ከመባል አዳንኩት እያልኩ። ውሸት ነው። መሳቃቸው ጣፍጦኝ ነው።

ጀልባዋ በሳምንቱ ፈረሰች። በርሜሎቹ መስጊዱ ጓሮ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡበት የውዱ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኑ። እንድሪስ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፈተና ሠላሳ ዓመት ጎማ ለጠፈ። ስለ ባህር ተናግሮ አያውቅም አሉ። የሌለ ገመድ ጨብጦ ሲንጋለልም ማንም አላየውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ደሴ ስሄድ ጎማ ፈነዳብኝና እሱ ጋ ቆምኩ። ሸብቷል፣ ጎብጧል፤ መዶሻውን ሲያነሳ ግን ያው ሰው ነው። «ተማሪው» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ደንበኛ የሚቀመጥበት አንዲት አግዳሚ ነበረችው፤ ተቀመጥኩ። እጄን ሳሳርፍ ጣቴ ቀዳዳ ነካ። አራት ምስማር የወጣበት ቀዳዳ። ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ አራት። ፊቷ ቀና ያለ የዋንዛ ሳንቃ። የአገሩ ሾፌር ሁሉ ለሠላሳ ዓመት ቂጡን ያሳረፈባት እሷ ነበረች።

ጎማውን እየነፋ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ያኔ ዓይንህ ክፍት ነበር።»

«አዎ።»

«ስንት ዱአ ነበር?»

ጣቴን ከቀዳዳው አነሳሁ።

«አንዳንዴ እውነት ቆሜ ነበር ወይ እላለሁ» አለ። «ምጽዋንም እጠራጠረዋለሁ። ሰው ሁሉ አልሆነም ካለ አልሆነ ይሆናል። ሚስቴ እንኳን ህልም ነው ያየኸው ትለኛለች። አንተ ነህ ያየኸኝ። ስንት ዱአ ነበር?»

ሦስት ነበር። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ግን ሁለት ሾፌሮች አጠገባችን ቆመው ይሰሙናል፤ እኔም ምላሴ የለመደው መንገድ አለው። «ጋሽ እንድሪስ፣ ሒሳብ ላይ መቼ ጎበዝ ሆኜ አውቃለሁ» አልኩት። ሾፌሮቹ ፈገግ አሉ። እሱ አልሳቀም። ጎማውን ገጠመልኝ። ስነሳ አፈርኩና በመስኮት «እጽፈዋለሁ፤ እንዳለ እጽፈዋለሁ» አልኩት።

«ስትጽፍ ገመዱን እንዳትረሳ» አለኝ።

ሦስት ዓመት አልጻፍኩም። ሌላ ብዙ ነገር ጻፍኩ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስገባ እማማ ጦይባ የሚባሉ የጨፋ ሮቢት አሮጊት እያወሩ ነበር። ያኔ ገና ሙሽራ ሆነው ማሽላ ተሸክመው ከገበያ ሲመለሱ፣ ይህን ሰው በዚህች ዓይናቸው ሙላት ላይ ቆሞ እንዳዩት። ድንኳኑ «ሱብሃነላህ» ይላል። በሕይወት እያለ የሳቁበት ሰዎች ናቸው፤ ያኔም ያመኑት በዝናብ ውስጥ ከሩቅ ያዩት ብቻ ነበሩ።

ሐያት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሕፃናት የምታስተምር፣ ነገር የምትመዝን ሴት ናት። «ጋሼ፣ እኔ ልጅ እያለሁ የውሸታሙ ልጅ ነበርኩ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ የወልዩ ልጅ ልሆን ነው። ትላንት መቃብሩ ላይ ሰው ስለት አስሮ አገኘሁ። እርስዎ እዚያ ነበሩ አሉ። አባዬ ምን ነበር?»

ነገርኳት። ጮክ ብዬ፣ ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማ። ሳንቃውን፣ ሰማያዊውን ገመድ፣ ሰንሰለቱን፣ የተነሱትን እጆች። ሦስት ዱአ አልኩ። ወልይ አልነበረም፣ ውሸታምም አልነበረም፤ ቆሟል። ሸህ ጦይብ ፊት የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለቅሶ ቤትም አይተዉን» አለ። ሰዎቹ በአክብሮት፣ ለለቅሶ ቤት በሚመጥን መጠን ሳቁ። እየቀለድኩ አይደለም ስል የባሰ ሳቁ። እማማ ጦይባ ክንዴን መታ መታ እያደረጉ «ልጄ፣ ገመድ አልነበረም፤ እኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

ሐያት አልሳቀችም። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አባቷ ያኔ ከውሃው ላይ እንዳየኝ። «አባዬ እርስዎን አትጠይቂያቸው ብሎኝ ነበር» አለች። «ለማጽናናት ብለው ከሆነ አላህ ይስጥልኝ።»

ሙሄ ሳውዲ ሄዶ እዚያው ሞተ። ሁለቱ በቅርቡ በሆነው ነገር ሞቱ፣ አንዱን መኪና ገጨው፣ አንዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቢኖሩም ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ሳንቃዋን ለሐያት ላመጣላት ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። ስምንቱን ቀዳዳ በጣቷ እንድትነካ። አግዳሚዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ደውዬ ጠየቅኋት።

«ያቺ አግዳሚ?» አለች። «የሞተ ቀን መንገዱ ተዘግቶ በመቃብሩ ላህድ ላይ የሚረበረብ እንጨት ገበያው ላይ ጠፋ። እሷን ወስደው ከሌሎቹ ጋር ከላዩ አደረጓት። ምነው ጋሼ?»

«ምንም» አልኳት።

መቃብሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። አፈሩ ገና ቀይ ነው። ሁለት ሴቶች ከራስጌው ቁጭ ብለው ዱአ ያደርጋሉ፤ አንዷ የታመመ ልጅ ታቅፋለች። አሚን ሲሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገመድ ነበረ፣ ሳንቃውም ከሥሩ ነበር፣ አሁን ከላዩ ነው፤ ሦስት ዱአ ሙሉ ቆሟል፣ እኔም ዓይኔ ክፍት ነበር። ይህን እንዳለ ጽፌዋለሁ። እስከ ዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ ያነበበ ሰው ግን ተመልሶ ቀልዱ የት ጋ እንደሆነ እንደሚፈልግ አውቃለሁ።